ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ሱቁ ደጃፍ፦ ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር
ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ እና ለትምህርት ቢሮ
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛባቸውን ምግቦችና መጠጦች ለሕጻናት ማስተዋወቅ እንዲገደብ ስለመጠየቅ

የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ሲለቀቁ የሀዋሳ መንገዶች መልካቸው ይለወጣል። ባጃጆች ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በቡድን በቡድን ሆነው፣ የዛፍ ጥላ እየመረጡ ወደየሰፈራቸው ያዘግማሉ። ከትምህርት ቤቱ በር ወጣ ሲባል የሚገኘው የመጀመሪያው ሱቅ ከጣሪያው ክፈፍ እስከ ደረጃው በአንድ የለስላሳ መጠጥ ቀለም ተቀብቷል። የሱቁ ስም በትንሹ፣ የመጠጡ ስም ግን ከሩቅ እንዲታይ በትልቁ ተጽፏል። ደጃፉ ላይ የቆመው ፍሪጅ፣ የተዘረጋው ጥላ፣ ወንበሩና ጠረጴዛው ሁሉ ያንኑ ስም ይዘዋል። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ ያንን ጽሑፍ በቅርጹ ለይቶ ያውቀዋል። መሬት ላይ የተበተነውን ቆርኪ ለቅሞ ይጫወትበታል።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለዚያ ቀለም ነው።

ለስላሳ መጠጥ ይከልከል፣ ከረሜላ ይወገድ፣ ፋብሪካ ይዘጋ የሚል ጥያቄ በውስጡ የለም። አዋቂ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የፈለገውን ይጠጣል። ደብዳቤው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጆች በየቀኑ የሚመላለሱበት መንገድ፣ የሚማሩበት ግቢና የሚጫወቱበት ሜዳ ጤናቸውን የሚጎዳ ምግብ የሚሸጥባቸው የማስታወቂያ ሰሌዳ መሆኑ ይቁም። ለዚህ ደግሞ ሀዋሳ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አዋጅ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልጋትም። በከተማዋ መንገድ ዳር ሰሌዳ የሚተከለው በከተማዋ ፈቃድ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ የሕዝብ ነው። የበዓል አደባባዩም እንዲሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ በልጅ ሆድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ማየት ይበጃል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሀገሪቱ የመጀመሪያው የአመጋገብ መመሪያ ስኳር፣ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ ተደምረው በቀን ከ30 ግራም እንዳያልፉ ይመክራል። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ኮላ ብቻውን ይህን ልክ ይሞላል፣ ያልፈዋልም፤ በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር ስምንት ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚገኘው ጠቅላላ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይላል። በቀን 1,400 ካሎሪ ለሚበቃው ትንሽ ልጅ 10 በመቶው 35 ግራም፣ 5 በመቶው ደግሞ 17 ግራም ተኩል ነው። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ከሰዓት በኋላ በስኳር የሚጠጣው ሻይ፣ የሚልሰው ከረሜላ፣ የሚቆረጥመው ብስኩት ሁሉ ከልክ በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «የእኛ ልጆች ችግር ረሃብ ነው እንጂ ውፍረት አይደለም» ይላል። አባባሉ ከሐዘን የመነጨ ነውና በጥሞና መመለስ አለበት። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት እንዳላገኙ አሳይቷል። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲገባ ይህን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ነበር ያቀደው። ታዲያ የማስታወቂያው ጉዳይ ከረሃቡ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የልጅ ሆድ ትንሽ ናት። እናት ለሻይ ብላ የሰጠችው ብር ችፕስና ለስላሳ ከገዛ፣ ያ ብር እንቁላል አልገዛም፣ ሙዝም አልገዛም። ሆዱ በስኳርና በስብ የተሞላ ልጅ ቤት ሲደርስ የቀረበለትን ሽሮና ጎመን ይገፋል። ጠግቧል፤ ግን አልተመገበም። በልጅነቱ የተቀነጨረ ሰው አድጎ ስኳርና ስብ የበዛበት ምግብ ሲለምድ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት የበለጠ እንደሚጋለጥም በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ሁለቱ ጉዳቶች የሚገናኙት በአንድ ገላ ላይ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ዛሬ በኢትዮጵያ ከሚደርሱ አሥር ሞቶች አራቱ ያህል የልብ፣ የስኳር፣ የካንሰርና መሰል ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የሚያስከትሏቸው ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ባወጣው ሪፖርት መሠረት ደግሞ በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት (9.4 በመቶ) ክብደታቸው ካነሰው (9.2 በመቶ) ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡ። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ብቻ ገና እዚያ አልደረሱም። «ገና» የሚለው ቃል ለአስተዳደሩ ብዙ ሊነግረው ይገባል። በሌላው ዓለም ከረፈደ በኋላ የተጀመረውን ሥራ እዚህ በጊዜው መጀመር ይቻላል።

ለምን ልጆች ላይ ብቻ ይተኮራል? ልጅ ማስታወቂያን የሚያየው አዋቂ በሚያየው ዓይን ስላልሆነ ነው። የሥነ ልቦና ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ «ይህ ሰው ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው» ብሎ አያስብም። የተነገረውን እንደ እውነት ይቀበላል። አራትና አምስት ዓመት የሆነው ደግሞ ፕሮግራሙ የት አብቅቶ ማስታወቂያው የት እንደጀመረም አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን በቀላል ሙከራ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ 63 ሕጻናት ከአንድ ዕቃ የተቀዳ፣ ምንም ልዩነት የሌለው ምግብ ሁለት ሁለት አድርገው አቀረቡላቸው፤ አንዱ በተራ ወረቀት፣ ሌላው የማክዶናልድስ ምልክት ባለበት ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣፍጠው ምልክት ያለበት ነው አሉ። ከቀረበላቸው መካከል ድርጅቱ የማይሸጠው ካሮት ይገኝበታል። ካሮቱ እንኳን በምልክቱ ምክንያት ጣፈጣቸው። ምላሳቸው አልዋሸም፤ ምልክቱ ከምላሳቸው ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ኢትዮጵያውያን ይህን ኃይል በበጎ ጎኑ ያውቁታል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ቀርበው የልጆችን ጠባይ በተረት አንጸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን የፈጠሯት «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘችው አሻንጉሊት ቀጭኔ ለስንቱ ሕጻን ፊደልና ንጽሕና አስተምራለች። ወላጅ አሥር ጊዜ «እጅህን ታጠብ» ብሎ ያልሰማ ልጅ ቀጭኔዋ አንድ ጊዜ ስትነግረው ሰምቷል። ይህንኑ በር፣ ይህንኑ እምነት ነው የከረሜላና የብስኩት ማሸጊያ ላይ የሚሣሉት እንስሳትና የካርቱን ጀግኖች የሚያንኳኩት። ጸሐይ ለልጁ ስትል ትናገራለች፤ በማሸጊያው ላይ ያለው አንበሳ ግን ለሻጩ ሲል ነው የሚናገረው። ልጁ ልዩነቱን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ማወቅ ያለበት ሕጉ ነው።

በሀዋሳና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ማስታወቂያው በልጅ ላይ የሚደርሰው በቴሌቪዥን ብቻ ከመሰላቸው ባለሥልጣናቱ ግማሹን አላዩም። ከሁሉ የሚልቀው የሱቁ ቀለም ነው። ኩባንያው ቀለሙን በነጻ ይቀባል፣ ፍሪጁን ይሰጣል፣ ጥላና ወንበር ያመጣል፤ ባለ ሱቁ በምላሹ ግድግዳውን ይሰጣል። ለባለ ሱቁ ትርፍ ነው፤ በራሱ ገንዘብ ቢያስቀባ ብዙ ያወጣል። ቀጥሎ ከቆርኪ ሥር የሚገኘው ሽልማት አለ። ልጅ የጠማው ባይሆንም ዕድሉን ለመሞከር ይገዛል። በከረሜላና በችፕስ ከረጢት ውስጥ የሚገባው ትንሽ መጫወቻም ያው ነው፤ ልጁ የሚከፍለው ለመጫወቻው ሲሆን ምግቡ በምርቃት ሆዱ ይገባል።

ስፖንሰርነትም አለ። ኮፓ ኮካ ኮላ የተሰኘው የታዳጊዎች የእግር ኳስ ውድድር በበርካታ የአፍሪካ ሀገራት፣ በኢትዮጵያም ተካሂዷል። ኳስ ለሚወድ ታዳጊ ማልያ፣ ዳኛና ዋንጫ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን ደስታ የሚያናንቅ ማንም ሊኖር አይገባም። ነገር ግን በልጅነት ዕድሜው ያስቆጠረው የመጀመሪያ ጎል ትዝታ ከአንድ ጣፋጭ መጠጥ ስም ጋር ለዘለዓለም ይቆራኛል። ድርጅቶች ገንዘባቸውን የሚያፈሱትም ይህን ቁርኝት ፈልገው ነው። አሁን ደግሞ ስልኩ ተጨምሯል። በቲክቶክና በዩቲዩብ ታዋቂ ሰው ፈገግ ብሎ ሲጠጣ ማስታወቂያ መሆኑ እንኳን አይነገርም።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ነገር መግታት እንደምትችል አንድ ጊዜ አሳይታለች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከለከለ፤ ክልከላውም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተግባራዊ ሆነ። ከዚያ በፊት የምሽት ዜና፣ የስፖርት ፕሮግራምና የበዓል ዝግጅት ያለ ቢራ ማስታወቂያ የማይታሰብ ነበር። ጣቢያዎች ገቢያችን ይደርቃል ብለው ተጨንቀው ነበር፤ ጭንቀታቸውም ከንቱ አልነበረም። ሆኖም በአንድ ሌሊት የቢራው ዘፈን ከቤተሰብ ሳሎን ወጣ። ያ አዋጅ የትምባሆ ማስታወቂያንም ከሥሩ ነቅሎ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ሲጋራ እንዳይሸጥ አዟል። በዓመቱ፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም.፣ የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በለስላሳ መጠጦች ላይ 25 በመቶ ታክስ ጣለ። ይኸው መንግሥት መጠጡ ተጨማሪ ታክስ የሚገባው መሆኑን አምኗል ማለት ነው። ታክስ የሚገባው መጠጥ ታዲያ በትምህርት ቤት አጥር ላይ መሞገሱ እንዴት ይገባዋል? የ2011ዱ አዋጅ ለአልኮልና ለትምባሆ ያደረገውን ለጣፋጩ መጠጥ አላደረገም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሊሞላው የሚገባው ክፍተት ይህ ነው።

ከሕጎች ሁሉ በላይ የሆነውም ሕግ ዝም አላለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕጻናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕጻናቱ ደኅንነት በቀዳሚነት እንዲታሰብ ያዛል። በትምህርት ቤት በር ላይ ሰሌዳ እንዲተከል ፈቃድ መስጠትም ሕጻናትን የሚመለከት እርምጃ ነው።

ሌላው ዓለም ከሄደበት መንገድ ለሀዋሳ ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። አንደኛው ቺሊ ነች። በወቅቱ ሴናተር የነበረው ሐኪም ጊዶ ጂራርዲ ለዓመታት የታገለለት ሕግ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ሥራ ላይ ዋለ። ስኳር፣ ጨው፣ የረጋ ስብ ወይም ካሎሪ ከተወሰነለት መጠን ያለፈ ምርት ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት ይለጠፍበታል፤ ምልክቱ ያለበት ምርት በትምህርት ቤት አይሸጥም፤ ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይተዋወቅም፤ በማሸጊያው ላይ የካርቱን ሥዕል፣ በውስጡም መጫወቻ አይኖርም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በቴሌቪዥን እንዳይታይ ተደረገ። ሕጉ በሥራ ላይ በዋለ በዓመት ተኩል ውስጥ ምልክቱ የሚገባቸው መጠጦች ግዢ 23.7 በመቶ መቀነሱን ተመራማሪዎች ለክተዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከተማ ነው፤ ለዚህም ነው ለዚህ ደብዳቤ ይበልጥ የሚቀርበው። የለንደን ከንቲባ ሳዲቅ ካን የሀገሪቱን ፓርላማ ሳይጠብቁ፣ ከተማዋ በምታስተዳድራቸው አውቶቡሶች፣ ባቡሮችና ጣቢያዎች ላይ ስብ፣ ጨውና ስኳር የበዛባቸው ምግቦች እንዳይተዋወቁ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ከለከሉ። እንደ ሀዋሳ ሁሉ ለንደንም በራሷ ንብረት ላይ ነበር ሥልጣኗ። በኋላ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው አንድ ቤተሰብ ከእነዚህ ምግቦች የሚገዛው መጠን ክልከላው ባይኖር ከሚጠበቀው በሳምንት 1,000 ካሎሪ ያህል አንሷል። የትራንስፖርት ድርጅቱ የማስታወቂያ ገቢም አልወደቀም፤ ኩባንያዎቹ ሰሌዳውን ትተው አልሄዱም፣ የሚያስተዋውቁትን ምርት ነው የቀየሩት። ብሪታንያ በሀገር ደረጃ ሕጓን ሥራ ላይ ያዋለችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

በሀዋሳ ሊነሱ የሚችሉ መቃወሚያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከባድ ናቸው።

«ፋብሪካው የከተማዋ ልጆች እንጀራ ነው» የሚለው አንዱ ነው። እውነት ነው፤ ሞሃ የለስላሳ መጠጦች ኩባንያ የፔፕሲ ፋብሪካውን በሀዋሳ አቋቁሞ ለነዋሪው ሥራ ፈጥሯል። የቢራ ማስታወቂያ ከአየር ሲወርድ ግን የቢራ ፋብሪካዎች አልተዘጉም። ያው ኩባንያ ውኃም ሊያሽግ፣ ስኳሩንም ሊቀንስ ይችላል። በቺሊ ብዙ ፋብሪካዎች ጥቁሩን ምልክት ለማምለጥ ሲሉ የምርታቸውን ስኳር ራሳቸው ቀንሰዋል።

«ወላጅ ልጁን ይቆጣጠር» የሚለው ግን መልሱ እዚያው ሀዋሳ ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራ እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ማሽን ላይ ናት። ልጁን የሚያጅበው ታላቅ እህቱ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይቆማል፤ ፈረቃ የለውም፣ አይደክመውም። አንዲት እናት በዓመት ብዙ ገንዘብ መድበው የልጇን ፍላጎት ከሚያጠኑ ድርጅቶች ጋር ብቻዋን ትታገል ማለት ፍትሕ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ሦስተኛው ነው፤ በትምህርት ቤት ደጃፍ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ በቤቷ የጠበሰችውን የድንች ችፕስ በትንሽ ላስቲክ አድርጋ የምትሸጠዋ ሴት። ይህ ጥያቄ በችኮላ ከተተገበረ ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ደንብ አስከባሪ ሰፌዷን ይቀማል፣ ቢልቦርዱ ግን እንደቆመ ይቀራል። እንዲህ ያለው አፈጻጸም ከምንም አለመሥራት የከፋ ነው። እሷ ማስታወቂያ አታሠራም፣ ካርቱን አትቀጥርም፣ የልጅ ሥነ ልቦና አታስጠናም። የምታገኘው የዕለት ጉርሷን ነው። ስለዚህ ሕጉ ሲወጣ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ገደቡ የሚመለከተው አምራቹን፣ አስመጪውን፣ አከፋፋዩንና የማስታወቂያ ድርጅቱን መሆኑ ይጻፍ። ለእሷ የሚያስፈልጋት ቅጣት ሳይሆን ሥልጠና፣ ንጹሕ ውኃና የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ የምትሸጥበት የተፈቀደ ቦታ ነው። ባለ ሱቁም እንዲሁ፤ ግድግዳው የተቀባው በኩባንያው ከሆነ የማስለወጫውን ወጪ ኩባንያው ይሸፍን።

ሀዋሳ ለልጆቿ የምታበላው አጥታ አይደለም ይህ ሁሉ የሚባለው። አሞራ ገደል ላይ በየጠዋቱ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ፣ ከእሱም የሚሠራው ሾርባ የከተማዋ መታወቂያ ነው። የሲዳማ አቮካዶ ይርጋለም በሚገኘው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ተጨምቆ ዘይቱ ወደ ውጭ ይላካል፤ ፍሬው ግን በትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ብዙም አይታይም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የፊቼ ጨምበላላ በዓል ራሱ ልጆችን የሚያስቀድም ነው፤ በጨምበላላ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ በየደረሱበትም ከእንሰት በቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይጋበዛሉ። ጎረቤት የማንን ልጅ እንደሚያበላ አይጠይቅም። ሰፈሩ ሁሉ የልጁን አፍ እንደራሱ ልጅ አፍ የሚያይበት ልማድ ያለው ሕዝብ ይህን ሕግ ለመረዳት ከለንደንም ከቺሊም የተሻለ ቅርበት አለው። በጉዱማሌ አደባባይ የሚከበረው በዓል ወደፊት በማን ስም እንደሚደምቅ ሲታሰብም የልጆቹ ቀን መሆኑ አይረሳ።

እንግዲህ ደብዳቤው ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚያቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው።

የከተማ አስተዳደሩ ከየትምህርት ቤቱ አጥር ቢያንስ በ300 ሜትር ዙሪያ የጣፋጭ መጠጥ፣ የከረሜላና የችፕስ ማስታወቂያ የያዘ ሰሌዳ፣ የሱቅ ቀለም፣ ጥላና ፍሪጅ እንዳይኖር የሚያዝ መመሪያ ያውጣ። አዲስ ፈቃድ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ያለው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ በኩባንያው ወጪ ይነሣ። ክትትሉን ለደንብ አስከባሪ ብቻ አይተወው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየሰፈሩ የሚዞሩ፣ ቤቱንም ሱቁንም የሚያውቁ ናቸውና በእነሱ በኩል ቢመዘገብ ይሻላል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚዘጋጅ ውድድር፣ ሩጫ ወይም የበዓል ዝግጅት በእነዚህ ምርቶች ስም ስፖንሰር እንዳይደረግም ይወስን። ባዶ የሚቀረውን ቦታ ባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶችና የከተማዋ ሆቴሎች እንዲሞሉት አስቀድሞ ያነጋግራቸው።

ትምህርት ቢሮው ደግሞ በግቢ ውስጥ ያለውን ያጥራ፤ የውጤት ሰሌዳ፣ የግድግዳ ሥዕል፣ የክበብ ጠረጴዛና የደብተር ሽፋን የመጠጥ ስም አይያዙ። የተማሪዎች ምገባ መርሐ ግብር በሚካሄድባቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መንግሥትና ገበሬው ያቀረቡትን ምሳ በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል እንዳያጣጥለው። ጤና ቢሮው የ2014ቱን የአመጋገብ መመሪያ በሲዳምኛና በአማርኛ በየትምህርት ቤቱ ያድርስ። በየዓመቱም የልጆች ጥርስ፣ ክብደትና ቁመት እየተለካ ለሕዝብ ይነገር።

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቀርበው ጥያቄ ከሁሉ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ቴሌቪዥኑን፣ ስልኩንና ማሸጊያውን ከተማ ብቻውን አይገታም። የዓለም ጤና ድርጅት አባል ሀገራት ለሕጻናት የሚደረግ የምግብ ማስታወቂያ እንዲገደብ የሚጠይቀውን ምክረ ሐሳብ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ተቀብለዋል፤ ድርጅቱ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ደግሞ ገደቡ በኩባንያዎች በጎ ፈቃድ ሳይሆን በሕግ የተደነገገ እንዲሆን፣ ሁሉንም ሕጻናት እንዲሸፍን፣ የትኛው ምርት እንደሚገደብም መንግሥት ባዘጋጀው የንጥረ ነገር መለኪያ እንዲወሰን መክሯል። መለኪያው ዋናው ነገር ነው። ያለ እሱ አንዱ ተቆጣጣሪ ብስኩቱን ይከለክላል፣ ሌላው ያልፈዋል፤ ኩባንያውም ፍርድ ቤት ቢሄድ ያሸንፋል። ባለሥልጣኑ በመለኪያው ላይ ተመሥርቶ ከማሸጊያው ፊት የሚለጠፍ ግልጽ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያዘጋጅ፤ ምልክቱ ያለበትን ምርት በካርቱን፣ በመጫወቻ፣ በቆርኪ ሽልማትና በታዋቂ ሰዎች ለልጆች ማስተዋወቅ ይከልክል። የኢትዮጵያ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ማኅበራት ጥምረት ለእንዲህ ዓይነቱ ፖሊሲ ሲወተውት ቆይቷል፤ ባለሥልጣኑ ብቻውን አይደለም። ረቂቁ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ምርቱን የሚሸጡት ድርጅቶች አስተያየት ሰጪ እንጂ ጸሐፊ አይሁኑ።

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ከተማዋ በብዕር ብቻ እንድትታይ አይፈልግም። መመሪያው ከመረቀቁ በፊት የከተማው፣ የጤናና የትምህርት ኃላፊዎች በአንድ የሥራ ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ መኪናቸውን ትተው ከአንድ ትምህርት ቤት በር ተነሥተው በእግራቸው ግማሽ ሰዓት ይጓዙ። ታቦር ክፍለ ከተማም ይሁን መናኸሪያ፣ ምሥራቅም ይሁን ሀዌላ ቱላ፣ የትም ይጀምሩ። ማስታወሻ ደብተር ይያዙ። በአንድ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም በሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ልክ፣ የሚያዩትን የመጠጥና የጣፋጭ ስም ሁሉ ይቁጠሩ፤ ከዚያም ስለ ወተት፣ ስለ ፍራፍሬና ስለ ውኃ የሚናገር ስንት ጽሑፍ እንዳዩ አጠገቡ ይጻፉ። ሁለቱ ቁጥሮች በከተማዋ ምክር ቤት ቀጣይ ጉባኤ ላይ ይነበቡ።

የጽሑፍ መልስ የሚጠበቀው ትምህርት ቤቶች በመስከረም ከመከፈታቸው በፊት ነው፤ ሱቆቹ ለአዲሱ ዓመት የሚቀቡት በክረምቱ መጨረሻ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በሀዋሳ ከተማ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ)